ይገባል፣ አይገጥምም

አንለይ ነው ስሙ፣ እናቱ ያወጡለት፤
ሥራው ግን መለየት፤
ሞተርን ከካምቢዮ፣ ዳዶን ከቡሎኑ፣
ሽምብጥ፣ የናፍጣና የሐይቅ ሽታ ሲጣላ በሚውልበት።
"ፍሪሲዮን" ይለኛል፣ እጁን በጨርቅ እያሸ፣
"መላቀቅ የሚያውቅ ፍቅር ነው፤ ካልተላቀቀ ማርሹ ተበላሸ።"

አንድ የሐምሌ ሐሙስ፣ ዝናቡ ሲያባራ፣
ጡረተኛው መምህር፣ አቶ ስንሻው፣ መጡ ከፊያታቸው ጋራ፤
እሷም አልነዳቻቸው፣ እሳቸውም አልነዷት፣
አራት የሰፈር ልጆች ነበሩ የገፏት።
መቶ ሃያ አራት ናት፣ ቀለሟ የእንቁላል አስኳል፤
እኩያዋ የሆነ ሰው ዛሬ ጡረታ ወጥቷል።
ፍሪሲዮኗ ነዷል፤ ዲስኩ ሆኗል ወረቀት፣
ቮላኖዋም ፊቱ ተሰነጣጥቋል እንደ በጋ መሬት።

ጎንደር ደወልን፣ ደብረ ማርቆስ ደወልን፤
"የፊያት? በዚህ ዘመን?" እያሉ ሳቁብን።
ከግቢው ጥግ ግን፣ ሳር የዋጣት አንዲት ላዳ ነበረች፣
ጎማ የሌላት፣ ለዶሮ ማደሪያ የሆነች።
እኔም ዘልዬ፣ "ጋሼ፣ ላዳ እኮ የፊያት ልጅ ናት፤
የልጅ ኩላሊት ለእናት ይሆናል፣ አውጥተን እንስጣት!"

አንለይ ዝም አለ። ካሊፐሩን አወጣ፤ ለካ፣ ደግሞ ለካ።
"ሃያ ሳንቲም ይሄ፣ አስራ ስምንት ያ፤ በዓይን አይለካ።
ቮላኖው አልቤሮው ላይ፣ ስድስቱም ቡሎን ይገባል፤
ስፒንጂዲስኮው ግን ቀዳዳው ሌላ ነው፣ በጣት ያህል ይስታል።
የዲስኩን የመሐል ጥርስ እይ፣ የካምቢዮው ዘንግ የሚገባበት፤
የጠርዙንም ጥርስ ቁጠር፣ ሞተሪኖው የሚነክስበት።
አደራ ልጄ፣
ገባ ማለት ገጠመ ማለት አይደለም።
ከሰጠህ ቤተሰቡን ሙሉ ስጥ፤ ቮላኖውን ከነዲስኩ፣ ከነስፒንጂዲስኮው።
የላዳዋን ደግሞ ዝገት በልቶታል። ተወው።"

ለለቅሶ መሸንቲ ሄደ። እኔ ቀረሁ፣ ከትራፓኖው ጋራ።
አስራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ በዚያ ዕድሜ የማላውቀው ነገር አልነበረም።
(ግጥምም እሞክር ነበር ያኔ፤
ቃሉ ቤት አልመታም ሲል እኔው በመዶሻ እመታው ነበር።)
የፊያቷን ዲስክ አዲስ ሸራ አልብሼ፣
በላዳዋ ቮላኖ ላይ ስድስት አዲስ ቀዳዳ በሳሁ፣
በዓይን ግምት፣
በአንድ ሌሊት።

በማግስቱ ስንሻው ነዱ፤ እኔ ጎናቸው፣ እንደ ሚዜ ኮርቼ።
እስከ አባይ ድልድይ ፈገግታ ነበር።
ቤዛዊት ዳገት፣ ሦስተኛ ማርሽ ላይ፣
መጀመሪያ መስታወቱ፣ ቀጥሎ መሪው፣ ቀጥሎ የሳቸው ጥርስ መንቀጥቀጥ ጀመር።
ቮላኖ ሚዛን ነው፤ ሚዛን ሲጎድል ይናገራል፤
ክብ ነገር ውሸት አይችልም፣ ሲዞር ሲዞር ያወጣዋል።

አንለይ ተመልሶ ሰማ። አልተቆጣም። ያ ነው የከበደኝ።
ቮላኖውን ፈታ፣ ወደ ብርሃን አነሳው፣ በቀዳዳዎቹ አሻግሮ አየኝ።
"ጎበዝ፣ ቁጥሩን እንኳ አልሳትክም" አለኝ።

ፊያቷ ወር ከአስር ቀን ቆመች።
ከኮምቦልቻ፣ በጆንያ ተጠቅልሎ፣ ሙሉ ቤተሰብ መጣላትና ሄደች።
ያ ቮላኖስ?
አሣ አጥማጁ ይስማው፣ ለጀልባው መልሕቅ ሲፈልግ ወሰደው፤
ገመዱን እኔ በበሳሁት በአንዱ ቀዳዳ አሾልኮ አሰረው።
አሁን ነፋስ ሲነሳ፣ እምቦጩም ሲገፋ፣ ጀልባዋን ይዞ ያድራል፤
ለመዞር የተሠራ ብረት፣ ከሐይቁ ሥር ቆሞ ይውላል።

አንድ ማታ ከዳር ቆመን ነበር፣ አንለይና እኔ።
ገመዱ ተወጠረ፣ ላላ፣ ተወጠረ።
በጫማው ጫፍ ነካ አደረገውና፣
"ይሄስ ገጥሟል" አለ፤
ሌላ ምንም ሳይጨምር፣ ጋራዡን ሊዘጋ ሄደ።